ከሚያዝያ 27 በኋላ የቀጠለው ጦርነት

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በሆሳዕና ከተማ ለረጅም ዘመን ታሪክ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ፣ ዱራሜ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ የምታስተምር ወጣት። ለአርበኞች ቀን ለተማሪዎቿ የምታነበውን ጽሑፍ እንዲያዩላት ይዛ መጥታለች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ጽሑፌን አነበቡት? ከማይጨው ጀምሬ በሚያዝያ 27 ነው የዘጋሁት። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ፣ ሰንደቅ ዓላማችን ተሰቀለ፣ ጦርነቱ አበቃ።

መምህሩ፦ አነበብኩት። አርበኞቹን በሚገባቸው ክብር አንስተሻቸዋል። የማልስማማው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ይሄ የተቀመጥንበት የሀዲያ ምድርና አንቺ የምታስተምሪበት የከምባታ አገር በማን እጅ ነበር?

ወጣቷ፦ ገና ነፃ አልወጣም ነበር ማለትዎ ነው?

መምህሩ፦ አልወጣም። ከጅማ ጀምሮ እስከ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ድረስ ያለው አገር በጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ሥር ነበር። ሻሸመኔም፣ ሀላባ ቁሊቶም፣ ወላይታ ሶዶም በጣሊያን እጅ ነበሩ። በሰሜን አምባላጌ ገና አልተለቀቀም፤ ጎንደርማ የወደቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ ከሚያዝያ 27 ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት። ሚያዝያ 27 ታላቅ ቀን ነው፣ ከክብሩ አንዲት ነገር አልቀንስም። ነገር ግን ለዚህ አገር ገበሬ ትልቁ ውጊያ ደጁ የደረሰው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ልጆችሽ ይህን ከአንቺ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ወጣቷ፦ እኔም ከመማሪያ መጽሐፍ ያገኘሁት እስከዚያ ድረስ ያለውን ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ዋና ከተማው ከተያዘ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከተመለሱ በኋላ ጣሊያኖቹ ምን ተስፋ ብለው ይዋጉ ነበር?

መምህሩ፦ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያኖቹ ያኔ የሚዋጉት ኢትዮጵያን ለመግዛት ብቻ አልነበረም። ያን ዘመን ጦርነቱ ዓለምን ይዟል። የካቲት 1933 ላይ ጀርመናዊው ሮሜል ትሪፖሊ ወረደ፤ ከዚያም እንግሊዞችን ወደ ግብፅ ገፋ። ሚያዝያ ላይ ግሪክ በጀርመን እጅ ወደቀች። እንግሊዝ ለግብፅ ወታደር ይፈልግ ነበር። ስለዚህ የጣሊያኖቹ የበላይ አዛዥ፣ የአኦስታው መስፍን አሜዴዎ፣ እንዲህ አሰበ፦ ማሸነፍ ባልችልም እዚህ የማቆየው እያንዳንዱ የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር ግብፅ ላይ የሚጎድል ሻለቃ ነው። ኃይሉን በትኖ ምሽግ ምሽግ ያዘ፤ አንዱን አምባላጌ፣ አንዱን ጎንደር፣ አንዱን ደግሞ እዚህ ደቡብ ምዕራብ። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ዝናብ ከጣለ መኪና አይሄድም፣ መድፍ አይጎተትም። ዝናቡን እንደ ወዳጅ ጦር ቆጥረውት ነበር።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ግብፅ ውስጥ ለሚደረግ ውጊያ ሲባል የሀላባና የከምባታ ማሳ ጦር ሜዳ ሆነ?

መምህሩ፦ ሆነ። ሰፊ ግንባር ማለት እንዲህ ነው። አንዱ ጫፍ ሲነካ ሌላው ጫፍ ይነቃነቃል። በተቃራኒው በኩልም ተመልከቺ። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ካወጀች ጀምሮ ቀይ ባሕር አደገኛ ነበር። ከረን መጋቢት 18 ቀን 1933 ወደቀች፣ ምጽዋ መጋቢት 30 ተያዘች። አራት ቀን ሳይሞላ ሚያዝያ 3 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር ከእንግዲህ የውጊያ ቀጠና አይደለም ብለው አወጁ፤ የአሜሪካ መርከቦች የጦር መሣሪያ ጭነው እስከ ስዊዝ መሄድ ቻሉ። የከረን ተራራ ላይ ያለቀው ሰው ግብፅን ነው ያዳነው ማለት ይቻላል።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ባሕሩ ከተከፈተ በኋላ ግን እንግሊዞች እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? ጋዜራን ጅማ ላይ ትተውት ቢሄዱስ?

መምህሩ፦ ሁለት ነገር አስገደዳቸው። አንደኛ፣ ያልተሸነፈ ጦር ከኋላህ ትተህ አትሄድም፤ ጠባቂ ማቆም አለብህ፣ ጠባቂው ደግሞ ሌላ ቦታ የሚፈለግ ወታደር ነው። ሁለተኛ፣ ከአዲስ አበባ በሐይቆቹ በኩል ወደ ኬንያ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር። እሱ ካልተከፈተ ስንቁ በሐረር በኩል ዞሮ መምጣት ነበረበት። ስለዚህ ከሰሜን አንድ ክፍለ ጦር ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ሻሸመኔ ወረደ። ከደቡብ ሌላው ከነገሌ ቦረና ተነስቶ ወደ ላይ መጣ። እዚያ ዋደራ ጫካ ውስጥ የዛሬዋ ጋና ልጆች፣ ያኔ የጎልድ ኮስት ብርጌድ የሚባሉት፣ ለሳምንታት ተዋግተው ግንቦት 2 ገደማ ምሽጉን ሰበሩት። ሻሸመኔ ግንቦት 6 ተያዘች። በሁለቱ መካከል የቀረው የጣሊያን ጦር መውጫው ወደ ምዕራብ ሆነ፤ በቁሊቶ፣ በብላቴ ወንዝ፣ ወደ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ ኦሞ። አንቺ ከዱራሜ ወደ ሀላባ ስትወርጂ የምታይውን ቆላ አስቢው። ምሽጉ እዚያ ተያዘ።

ወጣቷ፦ ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ። በርበሬ ለመግዛት እንወርዳለን። ታንክ አልፎበታል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።

መምህሩ፦ አልፎበታል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ነው። የእንግሊዝ ጦር ሲባል ሁሉም ነጭ ይመስልሻል፤ አይደለም። ወንዙን የተሻገረው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ነው። ከሱ ውስጥ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ አንዱ ሻለቃ ከታንጋኒካ፣ ከዛሬዋ ታንዛኒያ የተመለመለ ነበር። ሁለት ሻምበል ጦር በተኩስ ውስጥ ብላቴን ተሻግሮ ማዶ ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ ያዘ። ታንክ የሚመታ መሣሪያ ግን አላሻገሩም። ይህን ጊዜ የጣሊያን ታንኮች ከቁጥቋጦው ውስጥ ድንገት ወጡ።

ወጣቷ፦ ከዚያስ?

መምህሩ፦ ናይጀል ግሬይ ሊኪ የሚባል ኬንያ የተወለደ አንድ ሳጅን ነበር። ሞርታር ተኳሽ ነው፤ ጥይቱ አልቆበታል። አንዱ ታንክ ከኋላቸው ዞሮ ሲመጣ ዘልሎ ላዩ ላይ ወጣ። የታንኩን ክዳን በእጁ ፈልቅቆ ከፈተና በሽጉጥ ውስጥ ያሉትን ገደለ፤ ሹፌሩን ብቻ ተወው፤ በመሣሪያ እያስፈራራ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። የታንኩን መድፍ ሊተኩስበት ሞከረ፣ እንቢ አለው። ወርዶ በእግሩ ሌሎቹን ታንኮች ለማደን ሄደ። መሬቱ በመትረየስና በመድፍ እየታረሰ ነው። ሁለት ታንክ አለፉት። ሦስተኛው ላይ ወጥቶ ክዳኑን ከፍቶ አንዱን ሲገድል አራተኛው ታንክ በመትረየስ መታው። እዚያው ሞተ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ኅዳር 1938 ላይ፣ ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ።

ወጣቷ፦ እኛ ደጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አለማወቄ ያሳፍረኛል። ግን፣ ጋሼ፣ ልቤን ደስ አላለውም። ታሪኩ የሊኪ ታሪክ ነው። የሱ አገር ሰዎች ስሙን ጽፈው አስቀምጠውታል። ይሄ ታሪክ የኛ የሚሆነው በምኑ ነው? ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እኛ ሣሩ ነበርን።

መምህሩ፦ የምትይው እውነት አለበት፤ ግን እዚያ ላይ አትቁሚ። ለሊኪ ሽልማቱ የተሰጠበት ጽሑፍ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሊኪ በእግሩ ታንክ ሊያድን ሲሄድ ብቻውን አልነበረም። አንድ አፍሪካዊ ሻምበል ባሻና ሁለት አስካሪዎች፣ ማለትም አፍሪካውያን ወታደሮች፣ አብረውት ሄደዋል። ያው ጥይት ውስጥ፣ ያው ታንክ ፊት። ጽሑፉ እነሱን በማዕረጋቸው ጠቅሶ ያልፋል፤ ስማቸውን አይነግርሽም። እንግዲህ እነሱ ሣር ነበሩ? አልነበሩም። ታንክ ላይ በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ናቸው። የጎደለው ጀግንነታቸው አይደለም፣ ስማቸውን የጻፈ ሰው ነው።

ወጣቷ፦ በጣሊያን በኩልስ?

መምህሩ፦ በጣሊያን በኩልም ያው ነው። የጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ጦር አብዛኛው አፍሪካዊ ነበር፤ ኤርትራዊ፣ ሶማሌ፣ ከኢትዮጵያም በየአካባቢው የተመለመለ። ብላቴ ማዶና ማዶ የተተኳኮሰው በብዛት ጥቁር ሰው ነው። የሀዲያ ልጅም፣ የከምባታ ልጅም፣ የወላይታ ልጅም በአንዱ ወገን ወይም በሌላው ነበረ፤ አንዳንዱ ተገዶ፣ አንዳንዱ ለደመወዝ፣ አንዳንዱ በቂም፣ አንዳንዱ ደግሞ አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቶ።

ወጣቷ፦ በቂም ያሉት ነገር ላይ ልቁም። እኔን ይሄ ነው የሚከብደኝ። የአያቶቻችን ዘመን ገባርነት ነበር። ለነፍጠኛ ያርሱ፣ ይፈጩ፣ እንጨት ይሸከሙ ነበር። ጣሊያን መጥቶ ያንን ሽሬያለሁ ሲል ደስ ያለው ሰው አልነበረም ማለት አልችልም። ይህን ለልጆች እንዴት አድርጌ ነው የምነግረው? አርበኞቹን ካከበርኩ ገባሩን የረሳሁ ይመስላል። የገባሩን ቁስል ካነሳሁ ወራሪውን ያመሰገንኩ ይመስላል።

መምህሩ፦ ሁለቱንም ንገሪያቸው። ጣሊያን የገባሩን ብሶት አይቶ ተጠቅሞበታል፤ ይሄ እውነት ነው። ለገባሩ አዝኖ አልነበረም፤ ይሄም እውነት ነው። ጣሊያኑ ራሱ መንገድ ሲሠራ የሰው ጉልበት ይፈልግ ነበር፤ የዘር ሕግ አውጥቶ አገሬውን በገዛ መሬቱ ዝቅተኛ ዜጋ አድርጎታል። በየካቲት 1929 ራስ ደስታ ዳምጠው እዚሁ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሽነዋል። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ወር የሆነውን ጭፍጨፋ ታውቂዋለሽ። ከነፃነት በኋላ በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች የገባሩ የጉልበት ግዴታ በሕግ ቀረ፤ የመሬቱ ጥያቄ ግን እስከ 1967ቱ አዋጅ ድረስ ተጓተተ። አንድ ገበሬ ወራሪውን ሊጠላ፣ የመሬት ጌታውንም ሊፈራ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ኖረዋል። ልጆች ይህን መረዳት ያቅታቸዋል ብለሽ አትስጊ፤ ቤታቸው ውስጥ ከዚህ የከበደ ነገር ያያሉ።

ወጣቷ፦ እኔ የምፈራው ወላጆችን ነው። አንድ ተማሪ "አያቴ አስካሪ ነበሩ" ብሎ ክፍል ውስጥ ቢናገር ቤተሰቡ ይሸማቀቃል።

መምህሩ፦ የሚሸማቀቀው ስድብ ብቻ የሰማ ሰው ነው። ባንዳ የምትለዋን ቃል ወርውረሽ ካለፍሽ ማንም አፉን አይከፍትልሽም። ለምን ገባ? ማን ወሰደው? ዕድሜው ስንት ነበር? መቼ ከድቶ ተመለሰ? ብለሽ ከጠየቅሽ ግን ታሪክ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ከጣሊያን ጦር ጠመንጃውን ይዞ የጠፋ አፍሪካዊ ወታደር ብዙ ነው። ከድቶ የመጣው ሰው ያደረገው ውሳኔ የጦርነቱ ታሪክ አካል አይደለም? ነው እንጂ።

ወጣቷ፦ ወደ ጦርነቱ ይመልሱኝ። ከብላቴ በኋላ ምን ሆነ?

መምህሩ፦ ግንቦት 14 ሶዶ ተያዘች። እዚያ ላይ የሁለት ክፍለ ጦር አዛዦች፣ የ25ኛውና የ101ኛው፣ ከነመኮንኖቻቸው ተማረኩ። የተረፈው ኦሞን ተሻግሮ ወደ ጅማ ሸሸ። ኦሞን ታውቂዋለሽ፤ ገደሉ ከሁለቱም በኩል እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከሶዶ በኩል የምሥራቅ አፍሪካው ብርጌድ፣ ከላይ አባልቲ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ናይጄሪያውያን ወታደሮች ወንዙን ተሻገሩ። ዝናቡ ዘንቧል፣ ወንዙ ሞልቷል። ገረሱ ዱኪና አርበኞቻቸው በበኩላቸው ጅማን ዙሪያዋን ይዘው አላስወጣ አላስገባ ብለዋል። ጅማ ሰኔ 14 ቀን ተያዘች።

ወጣቷ፦ ገረሱ ዱኪን በጽሑፌ ላይ አንስቻቸዋለሁ፤ ጅማን ግን አላገናኘሁትም።

መምህሩ፦ አገናኚው። ሌላም አስቢ። ሰኔ 14 ጅማ ተያዘች፤ በማግሥቱ ሰኔ 15 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ወረረች። ከባልቲክ እስከ ጥቁር ባሕር ሚሊዮኖች የሚገጥሙበት፣ ሰው እስከዚያ ያላየው ሰፊ ግንባር ተከፈተ። የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ዓይኑ ወደዚያ ዞረ። ግንቦት 11 ብላቴ ላይ ውጊያ ሆነ፣ በማግሥቱ ግንቦት 12 የጀርመን ጃንጥላ ወራጆች ቀርጤስ ደሴት ላይ ወረዱ። አምባላጌ ላይ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠውም በዚያው ሳምንት ነው። የኛ አገር ጦርነት ሁለት ጊዜ በትልቅ ወሬ ተሸፈነ፤ አንዴ በአምባላጌና በቀርጤስ፣ አንዴ በሩሲያ። በቁሊቶና በጅማ የሞተ ሰው ሞቱ ትንሽ አይደለም፤ ዜናው ግን ቦታ አላገኘም።

ወጣቷ፦ ለዚህ ነው እኛም ያልሰማነው?

መምህሩ፦ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሌላው ግን ከኛ ነው። የውጭ አገር ሰው የራሱን ሰው ስም ጻፈ፤ ያ መብቱ ነው። እኛ የኛን አልጻፍንም። ደግሞ ጦርነት ሲባል የምናስበው ከተማ የተያዘበትን ቀን ነው። ጄኔራል ካኒንግሃም ከኪስማዩ ተነስቶ በሞቃዲሾ፣ በጅግጅጋ፣ በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ የገባው በ51 ቀን ነው። ከአዲስ አበባ መያዝ እስከ ጅማ መያዝ ግን 76 ቀን ፈጀ፤ ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ለምን? ዝናብ፣ ጭቃ፣ ገደል፣ ወንዝ። ይህን መሬት የሚያውቀው ማን ነው? ገበሬው። ጭቃው የት እንደሚይዝ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚሻገር፣ የት ጥላ፣ የት ውኃ እንዳለ እሱ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ያ ገበሬ ካልተጠየቀ የጦርነቱ ግማሽ አልተጻፈም።

ወጣቷ፦ ጦር በመካከሉ ሲያልፍ ግን ገበሬው ምን በልቶ ኖረ? ሠራዊት የሚበላው ከየት ነው፣ ከገበሬ አይደለም?

መምህሩ፦ ይሄ ታላቅ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በየጓሮው አለ። ስንዴና ገብስ ቢሆን ጎተራው ይታያል፤ ወታደር መጥቶ ጭኖት ይሄዳል፣ ወይም እሳት ይለቅበታል። የኛ አገር እህል ግን እንሰት ነው። እንሰት ቤቱን ከቦ ቆሞ ለዓመታት ያድጋል፣ የሚቆረጥበት አንድ የመኸር ወር የለውም። ሴቶቹ ፍቀው ቆጮውን በኮባ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል። ከላይ የሚያልፍ ጦር የት እንዳለ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አሠራሩን አያውቅም። ከብቱን ሊነዳ ይችላል፣ ዶሮውን ሊያርድ ይችላል፤ ከመሬት በታች ያለውን ግን እናቶች ናቸው የያዙት።

ወጣቷ፦ አያቴ "ጉድጓዱን ለሰው አታሳዩ" ይሉ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። የሌባ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ፦ ምናልባት የሌባ ነው፣ ምናልባትም የወታደር። እንዲህ ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ ጠይቂ። እናትሽ ያንን ከማን ሰማች? በየትኛው ዘመን? የሴቶች ታሪክ በጦር መዝገብ ላይ የሚገባበት በር ይሄ ነው። ያለ እነሱ ጉድጓድ አንዱም ጦር፣ አርበኛውም ጭምር፣ እዚህ አገር ላይ አይቆምም ነበር።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ግን ዘግይተናል። በ1933 አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ከ90 አልፏል። ማንን ነው የምጠይቀው?

መምህሩ፦ ዘግይተናል፤ አልጠፋም ግን። የቃል ታሪክ እንዴት እንደሚቆይ ሁለት ምስክር ልስጥሽ። አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ሚሲዮናውያኑ በ1929 ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት ሰዎች ከ50 አይበልጡም ነበር፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሲመለሱ ምእመናኑ ወደ 10 ሺህ ደርሰው አገኟቸው። እምነቱ በሀዲያና በከምባታም በዚያው ዘመን ሰፋ። ያንን ዘመን፣ እስራቱንም ግርፋቱንም፣ ሽማግሌዎቹ በቃል ይዘውት ቆዩ፤ ኋላ ተጠየቁና ተጻፈ። ሁለተኛው ምስክር ጀርመናዊው ኡልሪኽ ብራውክኬምፐር ነው። በ1960ዎቹ እዚህ መጥቶ የሀዲያን ሽማግሌዎች እየጠየቀ፣ የቃሉን ታሪክ ከጽሑፉ ጋር እያመሳከረ ትልቅ የሀዲያ ታሪክ ጻፈ፤ ስለ ከምባታም ሌላ መጽሐፍ አለው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ካስጻፈች፣ የሩቅ አገር ሰው መጥቶ ሽማግሌ ከጠየቀ፣ የዚህ አገር መምህርና ተማሪ ምን ይከለክለዋል? አጠገብሽ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሀላባ ላይ፣ ዱራሜ ላይ ትምህርት ቤት አለ።

ወጣቷ፦ የልጅ ልጆቹ የሰሙት ግን የተጣመመ ቢሆንስ? "አያቴ ብቻቸውን መቶ ጣሊያን ገደሉ" ብለው ቢመጡ ምን አደርጋለሁ?

መምህሩ፦ ጻፊው፤ አጠገቡ ደግሞ ማን እንደነገረው፣ እሱስ ከማን እንደሰማ፣ ያየ ነው ወይስ የሰማ፣ ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበር ጻፊ። አታርሚው፣ አታጋኝውም። ከዚያ ሌላ ሰው ጠይቂ። የጣሊያንና የእንግሊዝ መዝገብም አለ፤ ቀኑን፣ ወንዙን፣ የጦሩን ስም ከዚያ ታገኛለሽ። መዝገቡ "ወንዙን ተሻገሩ" ሲል ገበሬው "በየት በኩል፣ ማን መራቸው" የሚለውን ይጨምርልሻል። ሁለቱ ሲጋጩ ግጭቱን ራሱን ለልጆቹ አሳዪያቸው። ታሪክ መማር ማለት እሱ ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያውስ ንግግሬን በአርበኞች ቀን አነበዋለሁ፤ ጦርነቱ በዚያ ቀን አበቃ አልልም። ከዚያ ቀን በኋላ ወደኛ መጣ እላለሁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት ጥያቄ እሰጣለሁ። በግንቦት 1933 ቤተሰባችሁ የት ነበረ? ምን ይበላ ነበር፣ ማንስ ወሰደባችሁ? ከቤታችሁ ማን ለማን ወታደር ሆነ? ማን ሳይመለስ ቀረ? ሴቶቹ ምን አዳኑ? ሀላባ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ፤ እሱም ብላቴ ዳር ያሉ ቤቶችን በልጆቹ ያስጠይቃል።

መምህሩ፦ ስድስተኛ ጨምሪ። "የተቀበረ ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ አለ?" ብላቴ ዳር ታንዛኒያዊም፣ ኤርትራዊም፣ ጣሊያናዊም፣ የኛም ሰው ወድቋል። የትም አገር ሰው ይሁን፣ የወደቀበትን ቦታ የሚያውቅ ካለ መናገር አለበት። የሰው ልጅ ሆኖ የማንም ዐፅም ያለ ስም ሊቀር አይገባም።

ወጣቷ፦ ትልቅ ሥራ ነው፣ ጋሼ። ለአንድ መምህርት ይከብዳል።

መምህሩ፦ ለአንድ መምህርት ይከብዳል፤ ለመቶ ተማሪ አይከብድም። እኔም ጡረታ የወጣሁት ከደመወዝ ነው፣ ከጥያቄ አይደለም። ልጆቹ የሚያመጡትን እኔ ጋ አምጪው፤ ከመዝገቡ ጋር አብረን እናመሳክረዋለን። ሚያዝያ 27 የሁላችንም በዓል ሆኖ ይቆያል፤ ግንቦት 11ም የሀላባ፣ የከምባታና የሀዲያ ልጅ በስም የሚያውቀው ቀን መሆን አለበት። ያ ሻምበል ባሻና እነዚያ ሁለት አስካሪዎች ስማቸው ያልተጻፈው የሚጽፍ ሰው አጠገባቸው ስላልነበረ ነው። ዛሬ አጠገባቸው ያለነው እኛ ነን፤ ከእንግዲህ የሚቀር ስም ካለ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።